ያውቁ ኖሯል? ሁለት ተራ ክኒኖች ሲጣመሩ

በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጡት ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን አብረው ሲወሰዱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣን ሕመም ለየብቻቸው ከሚያስታግሱት በላይ እንደሚያስታግሱ ያውቁ ኖሯል? የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሳቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ሰዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከ1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋር የወሰዱት የተሻለ እፎይታ እንዳገኙ አሳይተዋል።

ምክንያቱ አሠራራቸው መለያየቱ ነው። አይቡፕሮፌን ቁስሉ አካባቢ ሕመምና እብጠት የሚቀሰቅሱትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይቀንሳል፤ ፓራሲታሞል ግን በአብዛኛው የሚሠራው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። የዴንማርኩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባስፋፋው ፈጥኖ የማገገም ዘዴ ውስጥ እንዲህ ያለው ማጣመር ዋና ቦታ አለው። ክኒኖቹ ሲጣመሩ የሚያስፈልገው የሞርፊን ዘር መድኃኒት ይቀንሳል፤ እሱ ሲቀንስ ማቅለሽለሹ፣ ድብታውና የሆድ ድርቀቱም ይቀንሳሉ፤ ታካሚው ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይበላል። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሊት ሕመሙ ቢበረታበት የሚጠራት ነርስ አጠገቡ የለችምና። ማስታገሻው እንዲጀመር የሚመረጠውም ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ነው።

የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ከሆስፒታል ሳይወጡ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል አለባቸው፤ መጠኑ እንዳይደራረብብዎ ማሸጊያውን ያንብቡ።