ጥንብ አንሳና የአየር መንገዱ

ጥንብ አንሳ በሰው ዘንድ የሚታወቀው በበድን ዙሪያ ሲሻማ በመሆኑ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በመጸየፍ ነው፤ የአእዋፍን በረራ የሚያጠኑ ሊቃውንት ግን ጉልበቱን ቆጥቦ በመብረር ረገድ ከላቁት ወፎች መካከል ይመድቡታል። የሞተ እንስሳ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ስለማያውቅ በየዕለቱ ሰፊ አገር ማሰስ ግድ ይሆንበታል፤ ያን ሁሉ መንገድ ከባድ አካሉን ተሸክሞ ክንፉን እያርገበገበ ቢሄድ የሚያወጣውን ጉልበት በምግብ መተካት ያዳግተው ነበር። በድን እየፈለገ መኖር የቻለው አየሩ ራሱ ስለሚሸከመው ነው።

ፀሐይ መሬትን ስታሞቅ መሬቱን የነካው አየር ይሞቅና ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህ የሙቅ አየር ዓምድ በሳይንስ «ተርማል» ይባላል። ጥንብ አንሳው በዓምዱ ውስጥ እየዞረ ከፍ ካለ በኋላ ክንፉን እንደዘረጋ ቁልቁል እየተንሸራተተ ወደሚቀጥለው ዓምድ ያመራል። ሰፊው ክንፉ ቀስ ብሎ በጠባብ ክብ እንዲዞር ያስችለዋል፤ በክንፉ ጫፍ እንደ ጣት የተለያዩት ረጃጅም ላባዎችም ወደ ኋላ የሚጎትተውን የአየር ሽክርክሪት ይቀንሱለታል። እንግሊዛዊው ኮሊን ፔኒኩይክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሴሬንጌቲ ሜዳ ላይ ሞተር በተገጠመለት ተንሸራታች አውሮፕላን ከጥንብ አንሶች ጋር እየበረረ ይህን አካሄድ ከቅርብ መርምሯል።

የቁጠባውን መጠን በጉልህ ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ አንዲስ ኮንዶር የወጣው ጥናት ነው። ኮንዶር እስከ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን የደቡብ አሜሪካ በድን በል ወፍ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ በአካሉ ላይ ባሰሩት መሣሪያ እያንዳንዱን የክንፍ ምት መዝግበው፣ ወፎቹ ክንፋቸውን የሚመቱት ከበረራ ጊዜያቸው 1 በመቶ ያህሉን ብቻ፣ ያውም በአብዛኛው ከመሬት ሲነሡ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ አንደኛው ከ5 ሰዓት በላይ፣ 172 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንዴም ሳይመታ በርሯል።

በከፍታ ደግሞ የሚወዳደረው ያልተገኘለት፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በሰሜን ኢትዮጵያ በተዘዋወረው ጀርመናዊ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የተሰየመውና በኢትዮጵያ ገደሎችም የሚራባው ጥንብ አንሳ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ፣ በ11,300 ሜትር ገደማ፣ አንዱ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ማንነቱ በቀሩት ላባዎች ተለይቷል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ሰው ቢሆን በአጭር ጊዜ ራሱን ይስት ነበር። የወፉ ደም ግን አራት ዓይነት ሂሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከም የቀይ ደም ሴል ፕሮቲን፣ እንዳለውና እነዚህም ኦክስጅንን በተለያየ ጥብቀት እንደሚይዙ ተደርሶበታል፤ ወፉ ዝቅም ሲል ከፍም ሲል ደሙ የማይቸገረው በዚህ እንደሆነ ይታመናል።

ይህን ያህል የተካነ በራሪ ከኤሌክትሪክ ገመድና ከነፋስ ኃይል ማመንጫ ጋር መጋጨቱ ያስገርማል፤ ያሳዝናልም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዕይታ ጥናት ምክንያቱን ሲያመለክት፣ ወፉ በድን ለመፈለግ ራሱን ወደ ታች ሲያዘነብል በሚሄድበት አቅጣጫ ያለውን ጨርሶ እንደማያይ ገልጿል። እንደ አዳማና አሸጎዳ ያሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ላሏት ኢትዮጵያ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ ወፉ ፊት ለፊቱን በማያይበት ጊዜ ተርባይኑን በደማቅ ቀለም መቀባት ብቻውን ስለማይበቃ፣ አጥኚዎቹ ምግብ ከማመንጫው ርቆ እየተቀመጠ ወፎቹ ወደዚያ እንዲሳቡ ሐሳብ አቅርበዋል።