ልጅዎ «ደረጃ ኬ» ነው ሲባል

በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅ የሚያስተምር ሐበሻ ወላጅ ከመምህር ጋር ሲገናኝ «ልጅዎ ደረጃ ኬ ላይ ነው» ሊባል ይችላል። ይህ ማርክ አይደለም። በብዙ ክፍሎች መጻሕፍት ከቀላል ወደ ከባድ በቅርጫት ተለይተው፣ በየቅርጫቱ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለጠፋል። ልጁ ለብቻው የሚያነበውን የሚመርጠው ከደረሰበት ቅርጫት ነው። አሠራሩ ይጠቅማል ወይስ ያስራል የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አልበረደም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኤሜት ቤትስ የተባሉ የትምህርት ምሁር በ1946 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት መጽሐፍ መለኪያ አወጡ፦ ልጁ ከመቶ ቃል 99ኙን በትክክል ካነበበ መጽሐፉን ለብቻው ይወጣዋል፤ 95 ከሆነ የመምህር እገዛ ያስፈልገዋል፤ ከ90 በታች ከወረደ ከአቅሙ በላይ ነው። በ1996 ደግሞ አይሪን ፋውንታስ እና ጌይ ሱ ፒኔል ያሳተሙት መጽሐፍ በፊደል የተሰየሙ ደረጃዎችን በየክፍሉ አስለመደ፤ መሰላሉ ዛሬ ከኤ እስከ ዜድ ይዘልቃል።

ደረጃው የሚወጣው ልጁን በማስነበብ ነው። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ መምህርቷ በትክክል ላነበበው ቃል ሁሉ ምልክት ታደርጋለች፣ የሳተውን ትጽፋለች። «ሀውስ» የሚለውን «ሆም» ብሎ ካለፈ ስሕተት ነው፤ ራሱ መለስ ብሎ ካረመው አይቆጠርበትም። ከዚያ ታሪኩን በራሱ አባባል ይናገራል። ቅላጼ እንደ ስሕተት መቆጠር የለበትም፤ ቤቱ አማርኛ ለሚነገርበት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ተቺዎች የሚያነሷቸው ነጥቦች ቀላል አይደሉም። የቤትስ ቁጥሮች በዋናነት የተደገፉት በ41 የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። በ2000 የወጣው የብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ሪፖርትም ተማሪን በዝምታ ለብቻው ማስነበብ ቅልጥፍናን እንደሚጨምር የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ አይጠቅምም ግን አላለም።

በ2022 ጋዜጠኛ ኤሚሊ ሃንፎርድ ያዘጋጀችው ተከታታይ የድምፅ ዝግጅት ክርክሩን ወደ ወላጆች ቤት አስገባው። የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች መጻሕፍት ገለጥ ቢያደርጉ የተቺዎቹ ሥጋት ይገባዎታል፦ «ድመት አየሁ»፣ «ውሻ አየሁ»፣ «ላም አየሁ»፤ በየገጹ ሥዕል። ልጁ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከያዘ ቀሪውን ሥዕሉ ይነግረዋል። ፊደልን ከድምፅ ሳያዋህድ ደረጃ ይጨምራል፤ ሥዕሉ ሲጠፋ ግን ይቆማል። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሳይቆጥር ንባብ የሚጀምር ተማሪ አልነበረም፤ ተቺዎቹም የሚሉት ከዚህ አይርቅም።

ደግሞም ንባብ ስለ ጉዳዩ ቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል። በ1988 በታተመ ጥናት በንባብ ደካማ የተባሉ ነገር ግን ቤዝቦል የሚያውቁ ተማሪዎች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት ይልቅ ስለ ቤዝቦል ያነበቡትን በደንብ ተረድተዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ በዳይኖሰር መጽሐፍ «ኤም»፣ በሌላው «ጄ» ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ቅርጫቶቹ ይጣሉ ማለት ነው? አይደለም። ፋውንታስ እና ፒኔል ራሳቸው ደረጃው የመጽሐፉ እንጂ የልጁ መጠሪያ እንዳልሆነ ተናግረዋል። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበርም ከ2011 ጀምሮ መጻሕፍት ላይ ደረጃ መለጠፍን ተቃውሟል፤ የአንዱን ልጅ ደረጃ ሌሎች እንዲያዩት ያደርጋልና። ልጁ ድምፅና ፊደል በሚገባ ከተማረ፣ መምህርቷ እየዞረች ካነጋገረችው፣ የሚወደውንም መጽሐፍ ከደረጃው ውጭ የማንሳት ነፃነት ካለው፣ የግል ንባብ ሰዓቱ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ ወላጅ ስብሰባ ላይ «ስንት ደርሷል?» ከማለት ይልቅ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ልጄ አይቶት የማያውቀውን ቃል ያለ ሥዕል ማንበብ ይችላል? ያነበበውንስ ሲጠየቅ ያስረዳል? መልሱ አንዱን ካጎደለ እገዛው የሚያስፈልገው እዚያው ላይ ነው፤ ፊደሉ ብቻውን ይህንን አይነግርም።