ለቃለ መጠይቅ የተጠራች ልጅ ምን ይዛ ትግባ?



ከአሥር ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርናት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መድረሳ ያስቀራናት አንዲት ልጅ ነበረች። ቤተሰቧ ወደ አሜሪካ ሄዶ ቨርጂንያ ተቀመጠ። ልጅቷ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳይኮሎጂ አጠናች፤ ከተመረቀችም በኋላ ሁለት ዓመት በአንድ የምርምር ክፍል በረዳትነት ሠራች። አንድ የጥር ምሽት ደወለችልን። «ቲቸር፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት ቃለ መጠይቅ ጠሩኝ» አለችን። አልሐምዱሊላህ አልን። ድምጿ ግን የደስተኛ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«‹ይህን ሙያ ለምን መረጥሽው?› ማለታቸው አይቀርም። እውነቱን ልናገር ካልኩ የወንድሜ ነገር ሊነሳ ነው» አለችን። ታላቅ ወንድሟ ከሀገር ከወጡ በኋላ አእምሮው ታሞ ብዙ ተሰቃይቷል። ቤተሰቡም ይህን ከጎረቤትም ከዘመድም ሸሽጎ ኖሯል። አባቷ «ተማሪ ልጄ፤ ገመናችንን ግን አደባባይ እንዳታወጪው» ብለዋታል። አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ደግሞ «እሱን ካልተናገርሽ ማን ያስታውስሻል? የሚቀበሉሽ በእሱ ነው» ብላ መክራታለች። ልጅቷ በሁለቱ ምክር መሐል ቆማ እኛን ጠየቀች።

እኛም ወዲያው የምንሰጣት መልስ አልነበረንም። ስለዚህ በዚሁ መንገድ ያለፉትን ጠየቅን፤ የሙያው ሰዎች የጻፉትንም አነበብን። በውጭ ሀገር ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወላጆችም ሆኑ ከዚህ ተነስተው ወደዚያ የሚያመለክቱ ወጣቶች ይጠቀሙበት ዘንድ ያገኘነውን እነሆ።

ትምህርቱ ምን ዓይነት ነው?

በአሜሪካ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፒ.ኤች.ዲ. ሲሆን ተማሪውን ተመራማሪም፣ ሕሙማንን የሚረዳ ባለሙያም አድርጎ ለማውጣት የታሰበ ነው። ይህ አካሄድ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1949 በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ ቦልደር ከተማ በተደረገ ጉባኤ ነው። ሁለተኛው ሳይ.ዲ. ይባላል። ይህኛው ይበልጥ ወደ ሕክምናው ሥራ ያዘነብላል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በዚያው በኮሎራዶ፣ ቬይል በተባለች ከተማ የተደረገው ጉባኤም ድጋፉን ሰጥቶታል። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይወስዳል። ከዚህም ውስጥ አንዱ ዓመት ተማሪው በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ሆኖ የሚሠራበት የተግባር ልምምድ ነው።

ማመልከቻው በአብዛኛው በእነሱ ዲሴምበር ወር ይገባል። ቃለ መጠይቁም ከጃንዋሪ እስከ ማርች መጀመሪያ ድረስ ይካሄዳል፤ ይህም በእኛ ጥርና የካቲት መሆኑ ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ከገባ ወዲህ በርካታ ትምህርት ቤቶች በኮምፒዩተር መስኮት ሲያነጋግሩ፣ ሌሎች ደግሞ እንደ ድሮው በአካል ይጠራሉ።

«ውጤቷ ከፍተኛ ነው፤ ወረቀቷንም አይተዋል። ታዲያ ቃለ መጠይቅ ለምን አስፈለገ?» የሚሉ ወላጆች አሉ። መልሱን ከራሳችን ባህል ማግኘት እንችላለን።

ደረሳና ሼኽ

በወሎ አንድ ደረሳ ስንቁን ቋጥሮ ሲነሳ «ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» አይልም፤ «እገሌ ሼኽ ዘንድ እሄዳለሁ» ነው የሚለው። አንዱ በፊቅህ፣ ሌላው በነሕው የታወቀ ነው። ሼኹም መጪውን «ማን ዘንድ ቀራህ? እስከ የት ደረስክ? እዚህስ ምን ፈልገህ መጣህ?» ብለው ይጠይቁታል። ጥያቄው ልጁን ለመጣል አይደለም። ከእሳቸው ጋር ዓመታት የሚቀመጥን ሰው ማወቃቸው ነው።

የፒ.ኤች.ዲ. ቃለ መጠይቅም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በብዙ ቦታ አመልካቹ የሚያመለክተው ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን ምርምሩን ለሚመራለት አንድ ፕሮፌሰር ነው። ፕሮፌሰሩ በዓመት አንድ ተማሪ ብቻ ይቀበል ይሆናል፤ ጨርሶ የማይቀበልበት ዓመትም አለ። መምሪያው የትምህርት ክፍያውን ትቶ፣ ተማሪው በማስተማር ወይም በምርምር ለሚያግዝበት ሥራ በየወሩ ስለሚከፍለው መቀመጫው ጥቂት ነው። መቶዎች አመልክተው ከአሥር የማይበልጡ የሚገቡበት ክፍል ብዙ ነው። እንግዲህ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው በወረቀት ብቁነቱን አስመስክሯል ማለት ነው። የቀረው «ከዚህ ሰው ጋር አምስት ዓመት መሥራት እንችላለን ወይ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ የእነሱ ብቻ ሳይሆን የእሷም ነው።

የሚጠየቁት ምንድን ነው?

1ኛ. «ለምን እኛ ዘንድ መጣሽ?» «ሰው መርዳት ስለምወድ» የሚለው መልስ መልካም ቢሆንም አይበቃም። ነርሷም መምህሩም ሰው ይረዳሉ። ለምን ዶክትሬት? ለምን ምርምር? ለምንስ ከዚህ ፕሮፌሰር ጋር? ሰውየው በቅርብ ዓመታት ያሳተመውን ሳያነቡ መግባት የሼኹን ኪታብ ሳያውቁ ደረሳ ልሁን እንደማለት ነው።

2ኛ. «የሠራሽውን ምርምር አስረጂን።» ጥያቄው ምን ነበር? እንዴት ተለካ? ምን ተገኘ? ጉድለቱስ? እዚህ ላይ ማጋነን አደገኛ ነው። ሥራዋ መረጃ ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት ከነበረ «መረጃ አስገባ ነበር» ትበል፤ መረጃው ለምን እንደተሰበሰበ ማወቋ ግን ይታይ። ያልሠራችውን ሠራሁ ብትል ሁለተኛው ጥያቄ ያጋልጣታል።

3ኛ. «የተሳሳትሽበትን ጊዜ ንገሪን።» እኛ ጉድለታችንን ለመሸፈን ያደግን ነን። እነሱ ግን የሚፈልጉት እርማት የምትቀበል ሰው መሆኗን ነው። ነገ ሕመምተኛ ፊት ስትቀመጥ ሥራዋን የሚያይላትና የሚያርማት ሰው አለና። እውነተኛ ስሕተት፣ ከዚያም ምን እንደተማረች ትንገራቸው።

4ኛ. «ከአንቺ በእምነትም በኑሮም የተለየ ሰው ብትረጂስ?» በዚህ ጥያቄ የሀገሯን ወይም የእምነቷን ሰዎች ሁሉ ወክላ መናገር አይጠበቅባትም። ያየችውንና የምታስበውን ብቻ ትናገር።

የማታውቀውን ብትጠየቅ ደግሞ አትፍራ። «አላውቅም» ማለት የዕውቀት ግማሽ መሆኑን መድረሳ ተምረናል። «ይህን አላውቅም፤ ለማወቅ ግን በዚህ በኩል እጀምር ነበር» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ከተሸመደደው ይሻላል።

ስለ መሸምደድ ካነሳን አይቀር፣ ልጅቷ መልሶቿን በስልክ ስታሰማን እንደ ሒፍዝ ነበር የወረደችው። መሐል ላይ አቋርጠን አንድ ጥያቄ ብንጠይቃት ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ሆነባት። ከዚያ በኋላ ቃል በቃል መያዙን አስተውናት፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ነጥብ ብቻ እንድትይዝ አደረግን።

የገመናው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቷ እንመለስ። አፕልቢ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ ሳይኮሎጂ ድኅረ ምረቃ ማመልከቻዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 የሳይኮሎጂ መምህራን በሚያነቡት መጽሔት አሳትመዋል። የቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢዎችን «ጥሩ አመልካች ምን ሲያደርግ ወደቀባችሁ?» ብለው ጠየቁ። ከተገኙት መልሶች አንዱ ስለ ግል ሕይወትና ስለ አእምሮ ሕመም ከልክ ያለፈ መናዘዝ ነበር። ሌላው «ሰውን ሁሉ ልርዳ» የሚል ከመጠን ያለፈ ስሜት ነው። ጥናቱ የተመለከተው በጽሑፍ የሚቀርበውን ማመልከቻ ቢሆንም ለቃለ መጠይቁም ትምህርት ይሆናል።

ስለዚህ የጓደኛዋ ምክር ከሙያው ሰዎች አስተያየት ጋር አይሄድም። የአባቷስ? እሳቸውም ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው ለማለት አልደፈርንም። የአእምሮ ሕመምን ልታጠና የተነሳች ልጅ ሕመሙን እንደ ነውር ሸሽጋ ከገባች፣ ነገ ለታማሚው ቤተሰብ ምን ብላ ልታስረዳ ነው? በዚህ ላይ «ለምን መረጥሽው?» ሲሏት ፈጠራ ብትነግራቸው ውሸት ነው።

እኛም አንድ ነገር ጠየቅናት። «ወንድምሽን አማክረሽዋል?» አልናት። ዝም አለች። ለካ አባትም፣ ጓደኛም፣ እኛም ስለ እሱ ስንነጋገር እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሕመሙ የእሱ ነው፤ ምስጢሩም እሱ ዘንድ ያለ አማና ነው። በነጋታው ጠየቀችው። ሕክምናውን እየተከታተለ ደህና ሆኖ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። «መታመሜን ንገሪያቸው፤ ሆስፒታል የተኛሁበትን ተዪው» አላት።

ከዚያ በኋላ መልሷ አጠረ። «በቤተሰቤ የአእምሮ ሕመም አይቻለሁ። እርዳታ ፍለጋ የወጣነው ዘግይተን ነው። ስደተኛ ቤተሰቦች ወደ ሕክምና ለምን ዘግይተው እንደሚሄዱ ማጥናት የምፈልገውም ከዚያ የተነሳ ነው።» ይኸው ነው። ስለ ሐዘኑ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ወደ ሥራው ተሻገረች። አባቷም ሰምተው «ይህማ ገመና አይደለም» አሉ።

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው፣ በትምህርት ቤት የፆታ አድልዎን በሚከለክለው ሕግ መመሪያ መሠረት፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በቅበላ ጊዜ «ባል አለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድለትም። አንድ ሰው ሳያስብ ቢጠይቃት እንኳ «ትምህርቱን እንዴት እንደምጨርስ ያሰብኩትን ልንገርዎት» ብላ በጨዋነት ማለፍ ትችላለች።

እሷስ ምን ትጠይቅ?

በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ይሏታል። «የለኝም» ማለት ፍላጎት የለኝም ከማለት ይቆጠራል። በአሜሪካ የሳይኮሎጂ ማኅበር እውቅና ያላቸው የዶክትሬት ትምህርቶች፣ ተማሪዎቻቸው በስንት ዓመት እንደሚጨርሱ፣ ወጪው ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ እንዳቋረጠና ስንቱ የሥራ ፈቃድ እንዳገኘ በይፋ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። ይህን አስቀድማ ታንብብ። ሳይ.ዲ. በሚሰጡ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ክፍያውን ራሱ ስለሚችል ከባድ ዕዳ ይዞ የሚወጣ አለ። ከወለድ ለሚጠነቀቅ ቤተሰብ ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መጠራት ደስ ቢያሰኝም፣ ክፍያውን ሳያሰሉ እሺ ማለት አይገባም።

ከነባር ተማሪዎች ጋር ብቻዋን የምትቀመጥበት ጊዜም ይኖራል። «አማካሪያችሁ ስትሳሳቱ እንዴት ያርማችኋል? የክረምቱን ወራት ማን ይከፍላችኋል?» ብላ ትጠይቅ። ይሁንና የእነሱም አስተያየት ኋላ ሊጠየቅ ስለሚችል ወሬውን በልክ ታድርገው። ቀጠሮ የያዘችላትን ጸሐፊም እንደ ፕሮፌሰሩ ታክብር።

ዓርብና ረመዳን

ቀኑ ዓርብ ላይ ቢውል የጁምዓ ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ። ግማሽ ሰዓት ማሸጋሸግ ለአዘጋጆቹ ከባድ አይደለም፤ በዕለቱ ድንገት መጠየቅ ግን ያስቸግራቸዋል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን ከቃለ መጠይቁ ወቅት ጋር እየተገጣጠመ ነው። ምሳ ላይ «ጾመኛ ነኝ፤ አብሬያችሁ ግን እቀመጣለሁ» ቢሉ ይበቃል። እጅ መጨበጥ የማትሻም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በፈገግታ ሰላም ትበል። ለማደሪያ ተማሪ ቤት ከተመደበች ሴት ተማሪ ዘንድ እንዲያደርጓት መጠየቅ ትችላለች።

ከተመለሱ በኋላ

ላነጋገሯት ሁሉ አጭር የምስጋና ደብዳቤ ትላክ። ከዚያ በኋላ ሰብር ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች በተስማሙበት ደንብ መሠረት፣ ከገንዘብ ድጋፍ ጋር ጥሪ የደረሰው ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 አካባቢ ድረስ አስቦ የመመለስ መብት አለው። ሁለት ጥሪ የያዘ ሰው ግን የማይሄድበትን ቶሎ ይልቀቅ። በዚያ ወንበር ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለና፣ ይህም አማና ነው።

ተማሪያችን ከሁለቱ አንዱ አልተቀበላትም። ሁለተኛው በተጠባባቂነት ያዛት። ከአምስት ሳምንት በላይ ጠበቀች። በኤፕሪል 14 ማታ ደወሉላት፤ አንድ ሰው ወንበሩን ለቅቆ ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም።

አባቷ ደውለው ሊያመሰግኑን ሲጀምሩ «ገመናችን ሳይወጣ ገባችልን» አሉን። ከኋላቸው ወንድሟ «ወጥቷል እንጂ አባባ! ያወጣሁትም እኔ ነኝ» እያለ ሲስቅ ሰማነው። እሳቸውም ሳቁ። ስለ ልጃቸው ሕመም ከእኛ ጋር ሲያወሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

አላህ ልጆቻችንን በሚጠቅም ዕውቀት ይባርካቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም።