ያልቀረበ የታክስ ማስታወቂያና የሥራ አስኪያጁ ኃላፊነት

በንግድ ቤቶች ዘንድ ዘወትር የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ዕዳው የማኅበሩ ነው እንጂ የኔ አይደለም» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ለንግድ ዕዳ ሲሆን በአብዛኛው እውነት ነው። ለታክስ ማስታወቂያ ሲሆን ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚሁ ነው።

በ1985 ዓ.ም. የታወጀውን የሽያጭ ታክስ የተካው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፥ አዋጁ የተመዘገበው ነጋዴ የሚከፈል ታክስ ቢኖርም ባይኖርም በየጊዜው ማስታወቂያ እንዲያቀርብ አዝዟል። ከገዢው የሚሰበሰበው ከመቶ 15 የነጋዴው ትርፍ አይደለም፤ ለመንግሥት የሚተላለፍ አደራ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከገንዘብ እጥረት ነው። የሕንፃ መሣሪያ የሚያስመጣ አንድ ማኅበር የ2,000,000 ብር ዕቃ በዱቤ ሸጠ እንበል። ደረሰኙ ተቆርጧልና 300,000 ብር ታክስ ተመዝግቧል፤ ገንዘቡ ግን ገና ከገዢው እጅ አልወጣም። በዚህ ጊዜ ሒሳብ ሹሙ «ገንዘቡ ሲገባ አብረን እናስታውቃለን» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስሕተቱ ይህ ነው፤ ማስታወቅና መክፈል ሁለት ልዩ ልዩ ግዴታዎች ናቸውና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ማስታወቂያ ላዘገየ ሰው፥ ባልተከፈለው ታክስ ላይ በየወሩ፥ ወሩ ባይሞላም እንኳ፥ ከመቶ 5 እየታከለ እስከ ከመቶ 25 የሚደርስ መቀጮ ደነገገ። በምሳሌው ማኅበር ላይ ይህ በወር 15,000 ብር፥ በጠቅላላው 75,000 ብር ይሆናል። ሳይከፍል በቀኑ ያስታወቀ ነጋዴ ግን ይህ አይነካውም፤ የሚጠየቀው ስለ አከፋፈሉ መዘግየት ብቻ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፥ ዕዳውን በጽሑፍ የገለጸ ሰው ደበቀ ለመባል አለመቻሉ ነው።

መደበቅ ከተባለ ነገሩ ከመቀጮ ያልፋል። ይኸው አዋጅ ሲወጣ፥ ታክስ ለመሰወር አስቦ ማስታወቂያ ያላቀረበ ሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራትና ከ100,000 እስከ 200,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ደንግጓል። ዝምታው ተሸፍኖ የሚቀር አይደለም፤ ገዢው የከፈለውን ታክስ ለማቀናነስ ያንኑ ደረሰኝ በራሱ ማስታወቂያ ላይ ያስመዘግበዋልና።

ማኅበር አይታሠርም፤ የሚታሠረው ሰው ነው። ወንጀሉን የፈጸመው ድርጅት በሆነ ጊዜ፥ በዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሰው ራሱ እንደፈጸመው ይቆጠራል። በማኅበሩ ላይ መቀጮ መወሰኑም፥ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንደተመለከተው፥ ጥፋተኛ የሆነውን ኃላፊ ነፃ አያወጣም። ሥራ አስኪያጅ ሲባልም ዲሬክተርና ይህን የመሰለ ሥልጣን ያለው ኃላፊ ሁሉ ይጨመራል። ለንግድ ፈቃድ ሲባል ብቻ ስማቸው የገባ የዘመድ ልጆችና አማቾች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ፊርማው የይስሙላ ነበር ማለት በቂ መልስ አይሆንም።

ከኃላፊነት የሚያድን በር አለ፤ ነገር ግን ሁለት ቁልፍ አለው። ሥራ አስኪያጁ ድርጊቱ ያለ ዕውቀቱና ያለ ፈቃዱ መፈጸሙን ብቻ ሳይሆን፥ እንዳይፈጸም በእርሱ ቦታ ያለ ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን ጥንቃቄ ማድረጉንም ማስረዳት አለበት። «ሒሳብ ሹሙ ያውቃል» የሚል የመጀመሪያውን ቢከፍት ሁለተኛውን አይከፍትም። በየጊዜው የቀረበውን ማስታወቂያ መቀበያ አይቶ የፈረመ፥ የጎደለውንም በደብዳቤ የጠየቀ ሰው ግን የሚያሳየው ጽሑፍ አለው።

ሥራውን የሚለቅ ሥራ አስኪያጅም እስከ የትኛው ወር ማስታወቂያ እንደቀረበ የሚገልጽ የርክክብ ወረቀት አስፈርሞ ቅጂውን ሊይዝ፥ ስሙም ከንግድ መዝገቡ መለወጡን ራሱ ሊያረጋግጥ ይገባል፤ ክርክሩ ሲመጣ በቅድሚያ የሚጠየቀው ቀኑ ነውና።