ዱር የሚመራንን ሰው ማን መረመረው?
ስለ መንገድ መሪዎች የሥራ ፈቃድ

«ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዘው ገደል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በብዙ ነገር ሲተረጎም ኖሯል። እኛ ግን ዛሬ ቃል በቃል ልንወስደው ወደናል። አንድ ሰው በማያውቀው ተራራ፣ ጫካ ወይም ወንዝ ለአደንም ሆነ ለመዝናናት ሲጓዝ ነፍሱን ለመንገድ መሪው አደራ ይሰጣል። ለመሆኑ መሪው መንገዱን በእርግጥ ያውቃልን? ማንስ መርምሮ መሰከረለት? በእግር ጉዞ የተፈተነ ወታደር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መንገድ የሳተ መሪ ብቻውን አይጠፋም፤ የተከተሉትንም ይዞ ይጠፋል።

ይህን ጥያቄ በሕግ ለመመለስ ቀድመው ከተነሱት መካከል በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ጫፍ የሚገኘው የሜይን ክፍለ ግዛት አንዱ ነው። ከመሬቱ ከመቶ ዘጠና እጅ ያህሉ በደን የተሸፈነ ሲሆን፣ ሐይቁና ወንዙም ብዙ ነው። በእንዲህ ያለው አገር መንገድ መሪነት ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ነው።

ወረቀት ሳይኖር

በጥንቱ ዘመን መሪዎቹ የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ዕውቁ አሜሪካዊ ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1857 ወደ ሜይን ጫካ ሲገባ የመራው የፔኖብስኮት ነገድ ተወላጅ የሆነው ጆ ፖሊስ ነበር። ታንኳውን ቀዝፎ፣ ሰፈሩን መርጦ፣ እንግዳውን በሰላም ያስገባና ያወጣ ይህ ሰው የሥራ ፈቃድ የሚባል ወረቀት አልነበረውም። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ምስክሩ በዚያው ምድር ተወልዶ ማደጉ ነበር።

ይሁን እንጂ ከጊዜ በኋላ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ የከተማ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች በብዛት መጉረፍ ጀመሩ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ዐዋቂውን ካላዋቂው የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። የዱር አራዊቱም ጠባቂ ያሻቸው ነበር። ስለሆነም የዓድዋ ድል በተገኘ በዓመቱ፣ በመጋቢት ወር እ.ኤ.አ. 1897፣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት መንገድ መሪዎች ሁሉ እንዲመዘገቡ ደነገገ። በመጀመሪያው ዓመት 1,316 መሪዎች ተመዘገቡ።

የመጀመሪያውን ፈቃድ የተቀበለችው ግን ሴት መሆኗ ብዙዎቻችንን ያስገርም ይሆናል። ኮርኔሊያ ክሮዝቢ ትባላለች። በባንክ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ጤናዋ በመታወኩ ሐኪም ንጹሕ አየር እንድታገኝ መከራት። ምክሩን ተቀብላ ወደ ዱር ወጣች፤ በዓሣ አጥማጅነቷ ታወቀች፤ በጋዜጣም ስለ አገሯ ደኖችና ወንዞች ጻፈች። ጤና አጥታ የነበረችው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1946 ያረፈችው በ92 ዓመቷ ነው።

ፈተናው ምንድን ነው?

ለብዙ ዓመታት ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው የአራዊት ጠባቂ አመልካቹን አነጋግሮ ነበር። የአንዱ ጠባቂ ሚዛን ከሌላው ጋር እኩል ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1975 ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ፈተና ተደነገገ። ዛሬ አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው፣ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ማስረጃ ያለውና የወንጀል መዝገቡ የተጣራ መሆን አለበት። ፈቃዱም በአደን፣ በዓሣ ማጥመድ፣ በመዝናኛ ጉዞና በባሕር ላይ ቀዘፋ እየተባለ ይለያያል። አንዱን ያለፈ ሌላውን መምራት አይችልም።

ፈተናው በጽሑፍና በቃል ነው። ከሁሉ የሚከብደው የቃሉ ነው ይባላል። ተፈታኙ በፈታኞች ፊት ቀርቦ በካርታና በኮምፓስ አቅጣጫ ያወጣል። ቀጥሎም «ከምትመራቸው ሰዎች አንዱ ጠፋ፤ ምን ታደርጋለህ?» ይባላል። መልሱ ጀግንነት አይደለም። የቀሩትን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማረጋጋት፣ ሰውየው መጨረሻ የታየበትን ሥፍራ ለይቶ ማወቅ፣ በሥርዓት መፈለግ፣ በጊዜውም ርዳታ መጥራት ነው።

ይህ ጥያቄ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1939 ዶን ፌንድለር የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በሜይን ከፍተኛው ተራራ በካታዲን ላይ ጉም ወርዶበት ከወገኖቹ ተለየ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ፈለጉት። ልጁ በስካውትነቱ የተማረውን አስታውሶ ወራጅ ውሃ እየተከተለ፣ በረሃብና በትንኝ እየተሰቃየ፣ በዘጠነኛው ቀን በሕይወት ተገኘ። ጥቂት ዕውቀት የአንድን ልጅ ነፍስ ካተረፈ፣ የሙሉ መሪ ዕውቀት ስንቱን ያተርፍ!

የወረቀትና የዕውቀት ሚዛን

በሌላ በኩል ሊነሳ የሚገባው ቅሬታ አለ። ዕድሜውን በዱር የፈጀ፣ ነገር ግን ከወረቀትና ከፈታኝ ፊት የማይደፍር አዛውንት፣ መጽሐፍ አጥንቶ ባለፈ ወጣት ሊቀደም ይችላል። ያለ ፈቃድ በክፍያ መምራት ደግሞ በወንጀል ያስከስሳል። ጆ ፖሊስ ዛሬ ቢኖር ኖሮ እርሱም ለፈተና በተቀመጠ ነበር! ቅሬታው ፍሬ ነገር አለው። ሆኖም ፈተናው በአብዛኛው የሚጠይቀው ያንኑ የአዛውንቱን ዕውቀት ስለሆነ፣ ተገቢው መፍትሔ ሕጉን ማንሳት ሳይሆን አዛውንቱን አስተምሮ ወደ ፈተናው ማቅረብ ይመስለናል።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በዋልያና በጭላዳ በታወቀው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚው ከደባርቅ ሲነሳ ከአካባቢው ተወላጆች መሪና መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ይዞ መጓዙ የቆየ ልማድ ነው። ያ ገበሬ የሚያውቀው ገደል፣ የሚለየው የጉም ሰዓት በየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም። ዕውቀቱ በሥልጠና ሲደገፍና በሕግ ሲመሰከርለት ለእንግዳው ዋስትና፣ ለራሱም የተከበረ እንጀራ ይሆናል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የመንገድ መሪ ትጥቁ ዕውቀት ነው። ያንን ትጥቅ ጉም ከመውረዱና መንገድ ከመጥፋቱ አስቀድሞ፣ በሰላሙ ሰዓት አጥብቆ መመርመር ለመሪውም ለተመሪውም ሕይወት ነው እንላለን።