ስድስቱ የሕንድ ፖስታ አኃዞች

የሕንድ ፖስታ አገልግሎት ደብዳቤን ወደ ተቀባዩ የሚመራው በአገር ስምና በሰፈር ስም ብቻ ሳይሆን፣ «ፒን» ተብሎ በሚጠራ ባለስድስት አኃዝ የመለያ ቁጥር ጭምር ነው። ቁጥሩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1972፣ ሕንድ ነፃ የወጣችበት 25ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጩት ሽሪራም ቢካጂ ቬላንካር የመገናኛ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም፣ በትርፍ ጊዜያቸውም በሳንስክሪት ቋንቋ የሚጽፉ ባለቅኔ ነበሩ። ባለቅኔ መፍትሔውን ከቃል ይልቅ በቁጥር መፈለጉ እንግዳ ቢመስልም፣ ችግሩ የመጣው ከቃሉ ነበር፤ በሕንድ አንዱ የቦታ ስም በልዩ ልዩ ፊደላት ስለሚጻፍ የአንዱ ክልል ሠራተኛ የሌላውን ጽሕፈት ላያነብ ይችላል፤ አንድ ስምም ብዙ ቦታ ይደጋገማል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ድረስ አውራንጋባድ የሚባል ከተማ በማሃራሽትራም በቢሃርም ይገኝ ነበር።

የቁጥሩ ሥርዓት ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይወርዳል። የመጀመሪያው አኃዝ ቀጣናን፣ ሁለተኛው ንዑስ ቀጣናን ያመለክታል፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ጋር ተጣምሮ የመለያ ወረዳን፣ ማለትም ደብዳቤው ተለይቶ ወደየአቅጣጫው የሚከፋፈልበትን አካባቢ ይጠቁማል፤ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ደብዳቤውን ለባለቤቱ የሚያድለውን ፖስታ ቤት ይለያሉ። ስለዚህ 431001 እና 824101 የተባሉትን የሁለቱን አውራንጋባዶች ቁጥሮች ዴልሂ ላይ የሚለይ ሠራተኛ ከስሙ ጋር ሳይታገል፣ 4ን ወደ ምዕራብ፣ 8ን ወደ ቢሃር ከረጢት ይጥላል። የማሃራሽትራው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሎ ስሙ ሲለወጥም ቁጥሩ አልተነካም።

ከዘጠኙ ቀጣናዎች ስምንቱ በመሬት የተከለሉ ሲሆኑ፣ ዘጠነኛው ለሠራዊቱ ፖስታ ብቻ የተመደበ ነው፤ የጦር ክፍል ከቦታ ቦታ ስለሚዘዋወርና ያለበትም ስፍራ በፖስታ ላይ እንዲገለጥ ስለማይፈለግ፣ የወታደሩ ቤተሰብ ልጁ የት እንደ ሰፈረ ሳያውቅ በዚህ ቁጥር ሊጽፍለት ይችላል። ከሥርዓቱ ሁሉ ብልሃት የሞላበት ይህ ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ፒን ግን ቤትን አያመለክትም። በገጠር ብዙ መንደሮችና ቅርንጫፍ ፖስታ ቤቶች አንድ ቁጥር ስለሚጋሩ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሚገኘው በአድራሻው ላይ በተጻፈው የአባት ስም ወይም «ከቤተ መቅደሱ አጠገብ» በሚል ምልክት፣ እንዲሁም መንደሩን በእግሩና በብስክሌቱ በለመደው ፖስተኛ ዕውቀት ነው።