ሞትን ያየች ሴት ስትጽፍ

ሕይወት ተፈራ በ2012 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተሙት፣ በአማርኛም «ማማ በሰማይ» ተብሎ የቀረበው ግለ ታሪክ አንብበው የሚተዉት መጽሐፍ አይደለም። ደራሲዋ በኢሕአፓ ውስጥ የታገሉ፣ በቀይ ሽብር ጓዶቻቸውን በሞት ያጡና ስምንት ዓመት የታሰሩ ሴት ናቸው። የሚወዱት ጌታቸው ማሩ የተገደለው በገዛ ድርጅቱ መሆኑን ሳይሸሽጉ መጻፋቸው አንባቢን ያስደነግጣል፤ እንደኔ አስተያየት ያስከበራቸውም ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን ልጇ የተገደለባት እናት በይፋ እንዳታለቅስ ትከለከል፣ የጥይት ዋጋም እስከ መጠየቅ ይደረስ ነበር። በብዙ ቤት ያ ልቅሶ ሳይወጣ ቀርቷል።

የደሴና የኮምቦልቻ እናቶችም ገጹን ሲገልጡ የራሳቸው ነገር ይነሣባቸዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ፣ ልጅ አዝለው የሐረጎን ቁልቁለት የወረዱ ነበሩ። ዛሬ ልጆቻቸው «ያኔ ምን ሆነን ነበር?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ተወው፣ አልፏል» ብሎ ዝም ማሰኘት ይቀላል። ሕይወት ተፈራ ግን የሆነውን በስሙ ጠርተው ይናገራሉ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያነበበች እናት ለልጇ ጥያቄ ቃል አታጣም።

ከፈረቃ መልስ ቡናው ሲፈላ፣ ፊደል የቆጠረችው ላልቆጠሩት ጎረቤቶቿ ጮክ ብላ ብታነብ መልካም ነው። ለሕፃናት የሚከብድ ክፍል ስላለው ግን እነርሱ ከተኙ በኋላ ይሁን።